ለበረሃውም ለውርጩም

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ሱቁን ሁለት ሰዓት ላይ ከፈትኩ። ብርድ ነው። የበሩ ብረት ጣት ይቆረጥማል። እስከ ምሳ የሸጥኩት የመኪና ዕቃ አንድ ቺንጋ፣ ሁለት የፍሬቻ አምፖል፣ አንድ ጣሳ ግሪስ... ይኼው ነው። ከሰዓት ደግሞ ዝር ያለ የለም። ከግድግዳው ጋር ወሬ ልጀምር ምንም አልቀረኝ።

አዲሱ አቅራቢ መጣ። የድሮው ሰውዬ ዘንድሮ ዕቃ አላስገባሁም ካለኝ ወር አልፎታል፤ ይሄኛውን በሰው በሰው ነው ያገኘሁት። ፈገግታ አይለየውም። በልቤ "ፈገግታው" ብዬዋለሁ። አንድ በርሜል ኩላንት አራግፎልኝ ሄደ። ያልተበረዘ ነው አለ። በብርዱ ወራት ሁሉም የሚፈልገው እሱን ነው፤ ራዲያተር ውስጥ ከውሃ ጋር ይደባለቃል፣ ውሃው በውርጭ እንዳይረጋ፣ በሙቀት ቶሎ እንዳይፈላ። ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። እንዴት ያለ አረንጓዴ ነው... ዝናብ የጠገበ ሣር።

ወደ ማታ ልጄ ደወለች። ያው ወሬ። ሱቁን እንሽጠውና እኔ ጋ ነይ፣ እማ። አስብበታለሁ አልኳት። አባቷ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ቀረው፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እያሰብኩበት ነው።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ምንም የለም። የባሌን መሳቢያ አቧራ ጠረግኩ። ከላይ ብቻ።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

አንበጣው መጣ።

ደጃፉ ላይ የቆመውን ሰው መጀመሪያ አላወቅኩትም። ሸብቷል። ከባሌ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ነድተዋል፣ የመሬት ጥናት ቡድኑ የመስክ መኪኖች ላይ። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንለት ነው አንበጣው ያሉት። ሳምንት አያልፍም ነበር ቤታችን ሳይመጣ። ከቀብሩ ወዲህ ግን ደጄን ረግጦ አያውቅም። ምን በደልኩት እያልኩ ስንት ቀን አሰብኩ... ቂም ነበር የያዝኩበት፣ ምን ይደበቃል።

"እንዴት ነሽ እህት ዓለም" አለኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። ደህና ነኝ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

የመጣው ለሥራ ነው። ማክሰኞ አራት መኪና ይዘው ወደ ጨው ሜዳው ይወርዳሉ። ሰባት ቀን እዚያ፣ ድንጋዩ እግር የሚጠብስበት። ከዚያ በቀጥታ ሽቅብ ወደ ደጋው፣ ውሃ አድሮ ድንጋይ የሚሆንበት። አሁን ያለውን አሮጌ ውሃ አፍስሰን በምን እንሙላው ነው ጥያቄው። ጋራዡ ውስጥ ሾፌሮቹ ተጨቃጭቀዋል። አንዱ ለበረሃ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ኩላንቱን ሳትበርዙ ግጥም አድርጋችሁ ሙሉት፣ ሲበዛ ነው የሚያድነው ይላል። እሱ ሁለቱንም ሰምቶ ግራ ገብቶት መጣ።

ሁለቱም ተሳስተዋል አልኩት። ሙቀቱን ከሞተሩ ተሸክሞ የሚያወጣው ውሃው ነው፤ ኩላንቱ ሲበዛ ሸክሙን አይችልም፣ በረሃው ላይ ይሞቅባችኋል። ደግሞ ሰው አያምንም እንጂ ያልተበረዘ ኩላንት ከተበረዘው ቀድሞ ይረጋል። ውሃ ብቻውን ከሆነ ደግሞ ደጋው ላይ አለቀላችሁ። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆነው እኩል በእኩል ነው። የቧንቧ ውሃ ሳይሆን የተጣራ ውሃ፣ አለዚያ ራዲያተሩ ውስጥ ዝቃጭ ይሠራል። የራዲያተሩን ክዳን ጎማ እዩት፣ ካረጀ ቀይሩት፤ ክዳኑ ካልጠበቀ የቱም ኩላንት ቶሎ ይፈላል። ዳገት ላይ ሲሞቅ ቁሙ፣ ግን ትኩሱን ክዳን እንዳትነኩ... ቄስ ሆንኩ፣ ወሬዬ አላልቅ አለ። እሱ ሲሰማኝ ቆየና ሳቅ አለ።

"እሱ እኮ ሁሌም አንቺን ነበር የሚጠይቀው። እኛ ፊት አዋቂ ይመስላል እንጂ፣ ማታ አንቺን ጠይቆ ነበር ጠዋት የሚያዘን።"

እውነቱን ነው። እኔም ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ?

ለአራቱም መኪና ከበርሜሉ ቀዳሁለት። ትንሽ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሻይ ላምጣ አልኩት፣ እቸኩላለሁ አለ። የባሌ ወንበር አጠገቡ ነበር። ሳይቀመጥ፣ ወደ ወንበሩም ሳያይ ሄደ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ትናንት የጀመረኝ ትዝታ ዛሬም አለቀቀኝም።

የተጋባን ዓመት ነው። ወደ ደጋው ለሥራ ሲወጡ አለቃውን ለምኖ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ያኔ ኩላንት የሚባል ነገር እኛ ዘንድ አልደረሰም። ሁልጊዜ ሲመሽ ከመኪናው ሥር ይጋደምና የራዲያተሩን ውሃ በጀሪካን ይቀዳዋል። ጀሪካኑን የምንተኛበት ክፍል ያስገባዋል፣ ከምድጃው ጎን። ጠዋት ሞቅ አድርጎ መልሶ ይሞላዋል። ታዲያ ዓይኑን እንደገለጠ የሚጠይቀው ምን ነበር? "ውሃችን ደህና አደረች?" እኔን አይደለም፣ ውሃዋን! ገና ወር ያልሞላኝ ሙሽራ።

አንድ ቀን ተናደድኩ። እሱ ሳይነቃ ተነሳሁና በዚያ ለብ ባለ ውሃ ፀጉሬን ታጠብኩበት።

ተነሳ። ጀሪካኑን አየ። ፀጉሬን አየ። እንደገና ጀሪካኑን አየ። አሁን ቁጣው መጣ ብዬ ስጠብቅ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ምንጩ በረዶ ሆኖ ስለነበር ፀሐይ እስኪያቀልጠው ድረስ ቡድኑ በሙሉ በእኔ ፀጉር ምክንያት ግማሽ ቀን ቆመ። ሳምንቱን ሙሉ ዝገት ዝገት ሸተትኩ። አንበጣው "የራዲያተር ሙሽራ" ብሎ ስም አወጣልኝ፣ ለዓመታት አልተወኝም።

ያ ሳቅ አሁን የት ሄደ? ሰው ሲሞት ሳቁ የት ይገባል?

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ልጄ ሱቁን የሚገዛ ሰው ይዛ መጣች። ስልክ ሊሸጥበት ነው የሚፈልገው። ግድግዳውን በሜትር ለካ፣ ጣሪያውን አንኳኳ። ጨዋ ሰው ነው፣ አይወራበትም። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያሉትን ስድስት ነጭ ጀሪካኖች አይቶ እነሱስ ይሸጣሉ ወይ አለኝ።

አይሸጡም አልኩት። ቶሎ።

ባሌ ከመታመሙ በፊት ከድሮው አቅራቢ ያስመጣቸው ኩላንቶች ናቸው። ራሱ ነው የደረደራቸው፣ ስማቸው ወደ ውጭ ዞሮ፣ እያንዳንዱ ላይ ቀን ጽፎ። የእሱ ብዕር፣ የእሱ ጠማማ ቁጥር። እንዴት ይሸጣል?

ልጄ ሰውየው ከወጣ በኋላ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለችኝ። ቀልድ አስመስላ። ከጥር በኋላ እንነጋገር ብያት ተለያየን። እሺ ማለቴ ነው መሰለኝ።

ኅዳር 16፣ እሑድ

በደንብ ልጻፈው።

ሱቁን ላጸዳ ገባሁ። ያን ቀን ለአንበጣው ስቀዳ የፈሰሰው ወለሉ ላይ አለ። ደርቋል። በጣቴ ነካሁት። እንደ ጠመኔ ብን አለ።

ኩላንት እንደዚህ አይደርቅም። ስንት ዓመት ሸጬዋለሁ፤ ከፈሰሰ ሳምንት ሙሉ እንደ ዘይት ያሟልጫል። እኔ ራሴ አንዴ ተንሸራትቼ ወድቄበታለሁ። ይሄ ግን ዱቄት ነው... አረንጓዴ ዱቄት።

ከዚያ ያን መሳቢያ ከፈትኩ። ለሁለት ዓመት ያልከፈትኩትን። አንድ እጁ የተሰበረ መነጽር፣ የተቆረጠ እርሳስ፣ የከረሜላ ወረቀት። ስኳር ተከልክሎ ነበር እኮ! ከሥር መለኪያዋ። የጣት ያህል የብርጭቆ ቱቦ ናት፣ ሆዷ ውስጥ አምስት ትንንሽ ኳሶች። ጥሩ ኩላንት ስትስብ ኳሶቹ ይንሳፈፋሉ። ውሃ ከሆነ ከታች ይቀራሉ።

ከበርሜሉ ሳብኩ። አንድም አልተነሳም። አጠብኳትና ደገምኩ። አንድም። ከእሱ ስድስት ጀሪካኖች አንዱን ከፈትኩ፣ በኩባያ እኩል በእኩል ከውሃ ጋር በረዝኩና ሳብኩ። አምስቱም ሽቅብ።

የሸጥኩት ቀለም የገባበት ውሃ ነው።

"ቀለም አያሞቅም፣ አያቀዘቅዝም። ለክተሽ እመኚ።" ስንቴ ነው ያለኝ? አንድም በርሜል ሳይለካ አያስገባም ነበር። እኔስ? ለምን አልለካሁም? አውቃለሁ ለምን። ለመለካት መሳቢያውን መክፈት ነበረብኝ። እውነተኛውን ለትዝታ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ሐሰተኛውን ለሰው ሸጥኩ።

በረሃው ላይ ምናልባት ምንም አይሆኑም፣ ሙቀቱን ውሃም ይሸከመዋል። ጉዱ ደጋው ላይ ነው። ውሃ ሲረጋ ያብጣል፤ ሞተሩ ውስጥ አድሮ ካበጠ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ሰው በዚያ ብርድ፣ መሐል ሜዳ፣ ያለ መኪና... ከነገ ወዲያ ነው የሚወጡት።

ፈገግታው ስልኩን ዘግቷል። የአንበጣው አይደርስም።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ገና ሳይከፈት መሥሪያ ቤታቸው በር ላይ ቆምኩ። ጸሐፊዋ ደግ ሴት ናት፣ ሦስት ጊዜ ሞከረችልኝ። ጨው ሜዳው ላይ ስልክ የለም። የሚደውሉት ደጋው ላይ ካደሩ በኋላ ነው። ካደሩ በኋላማ ምን ዋጋ አለው? መልእክት ትቼ ወጣሁ።

ልጄ ሰው ላኪ አለች። ማንን? ደግሞ እኔ የሠራሁትን ጥፋት ሌላ ሰው ሄዶ ይንገርልኝ?

የባሌን መኪና አስነሳኋት። መሥሪያ ቤቱ አሮጌዎቹን ሲያስወግድ በጨረታ የገዛት ናት። ከጓሮ ሁለት ዓመት ቆማለች። ባትሪዋ ሞቶ ነበር፣ ጎረቤቴ በያጁ ከራሱ መኪና በገመድ አገናኝቶ ነፍስ ዘራባት። ጎማዎቹን ነፋልኝ። የራዲያተሩን ውሃ ለካሁ፤ እሱ የሞላው ነው፣ እስከ ዛሬ አምስቱም ኳስ ይነሳል። ስድስቱን ጀሪካኖች አንድ በአንድ አወረድኳቸው። የተጣራ ውሃም ጫንኩ። መደርደሪያው ላይ ስድስት ክብ የአቧራ ምልክት ቀረ።

የሾፌሩን ወንበር ወደ ፊት መሳብ ነበረብኝ። እግሬ አይደርስማ። ለሁለት ዓመት በእሱ ልክ ነበር የቆመው። ያዝኩት፣ ለቀቅኩት፣ እንደገና ያዝኩት። በመጨረሻ ሳብኩት።

ነገ ሲነጋጋ እወጣለሁ።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ፤ ደጋው ላይ

ደርሻለሁ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ ጽሑፌ የዶሮ ጫር ጫር ሆኗል።

መንገዱን ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር። እግሬና እጄ አልረሱትም። ባሌ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ጥሩምባ ይነፋ ነበር፣ እኔም ነፋሁ። ማንም የለም። ድልድዩ ጋ መስኮት ከፍቶ ያፏጭ ነበር፤ ማፏጨት አልችልም፣ መስኮቱን ብቻ ከፈትኩ። የት የት ቆመን እንደበላን፣ የቱ ዛፍ ሥር ተጣልተን የቱ ሥር እንደታረቅን... ዛፎቹ አሉ። ሰው ነው የሚያልቀው።

ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እዚያ ልይዛቸው ነበር ሐሳቤ። ሱቅ ያላት ሴትዮ አራት መኪኖች እኩለ ቀን ላይ ሽቅብ አለፉ አለችኝ። ሻይ ጠጪ እያለችኝ ተነስቼ ነዳሁ። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ዓይኔ ከሙቀት ጌጁ ሳይነቀል።

ካምፑ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ክንድ ቀርቷታል። ሦስት መኪና ቆመዋል። አንበጣው ድንኳን ይተክል ነበር። አየኝ፤ መኪናዋን አየ። ፊቱ ነጣ። የሞተ ሰው እየነዳ የመጣ መስሎት ይሆናል።

ነገርኩት። ሳልጨምር ሳልቀንስ። ዞሮ ሾፌሮቹን "ሞተር እንዳታጠፉ! ያጠፋችሁም አስነሱ" አላቸው። ከዚያ አንድ በአንድ፣ አጥፍተን፣ እስኪበርድ ጠብቀን፣ ያን አረንጓዴ ውሃ መሬት ላይ ለቀቅን፣ አጠብን፣ የእኔን እኩል በእኩል ሞላን። እያንዳንዱን ለካሁ። አምስት ኳስ። አምስት። አምስት።

አራተኛውስ? አልኩ።

አራተኛውን ሁለት መሬት ለካኞች ራሳቸው እየነዱ ወደ ሩቁ የመለኪያ ምልክት ወስደውታል። እዚያው ነው የሚያድረው። መንገዱ ገደል ነው፣ ከመሸ አይነዳም። ስልካቸው አይሠራም። እኔ እሄዳለሁ ብዬ ተነሳሁ። አንበጣው ቁልፌን ወስዶ ኪሱ ከተተ። እነሱን ብሎ ሌላ ሰው ገደል አይገባም፣ ድንኳንም ብርድ ልብስም አላቸው፣ ጎህ ሲቀድ እንወጣለን አለኝ።

ውጭ ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃ ከአሁኑ ቆዳ አበጀ።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

ሰዎቹ ደህና ናቸው። እሱን ላስቀድም። ሁለቱም ደህና ናቸው።

እኔ፣ አንበጣውና የጥናቱ አለቃ ነን የሄድነው። አለቃዋ በልጄ ዕድሜ የምትሆን ወጣት ናት፣ ትንሽ ነው የምትናገረው። ስንደርስ ለካኞቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ሻይ ያፈላሉ። ሌሊት እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ሰማን አሉ። ከሞተሩ ሥር አረንጓዴ በረዶ ተንጠልጥሏል፣ እንደ ሻማ ቅላጭ። አንበጣው ኮፈኑን ከፈተ። ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች። ጣቴን አስገባሁበት። ቀዝቃዛ ነበር።

አንበጣው ወደ ጎን ሳበኝ።

"አንቺ ምንም አትበዪ። መኪናው አሮጌ ነው እላለሁ። ማን ይጠይቃል?"

"እኔ እጠይቃለሁ" አልኩት።

ለአለቃዋ ነገርኳት። እኔ ነኝ የሸጥኩት፣ ሳልለካ ነው የሸጥኩት አልኳት።

"ለምን አልለኩትም?"

"መለኪያው የሞተው ባሌ መሳቢያ ውስጥ ነበር። መሳቢያውን መክፈት ፈራሁ።"

እንዲህ ያለ መልስ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይጻፍም። እሷ ግን ሰዎቿ በሕይወት ስላሉ እግዚአብሔር ይመስገን አለች፤ እስከዚህ ድረስ ስለመጡም አመሰግናለሁ አለች። ግን መኪናው ያስፈልገኛል፣ ያለ እሱ የዓመቱ ሥራ ይቆማል አለችኝ። እውነቷን ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ የተሰነጠቀ ብረትም አይገጥም።

የእኔዋ መኪና ከጎኗ ቆማለች። አንድ ዓይነት ናቸው። ያው ሞተር።

"የእኔን ሞተር አውጥታችሁ ግጠሙበት" አልኩ። ምላሴ ከልቤ ቀድሞ ነው የወጣው። አንበጣው ዞሮ አየኝ። ቃሌን ልመልሰው ፈለግሁ። አልመለስኩትም።

ስንመለስ መሪውን እሱ ያዘ። ሳልጠይቀው ጀመረ። ሱቅሽ በር ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቼ ተመልሻለሁ አለኝ። አንዴም ብስኩት ገዝቼ። እጄ ለማንኳኳት ይነሳና ባልሽ ከውስጥ "ማነው?" የሚል ይመስለኛል፤ እንደማይል ሳስበው እግሬ ወደ ኋላ ይላል አለ።

"እኔ እኮ ረሳኸን ብዬ ነበር" አልኩት።

"ብረሳማ ማንኳኳት መች ያቅተኝ ነበር።"

መስኮቱን ከፍቶ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። አቧራ ነው አለ። አቧራ አልነበረም።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ከዚያ በርሜል የገዙ ሌሎች ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ሁሉንም ደወልኩ ወይ በእግሬ ሄድኩ። አፍስሱት፣ እተካላችኋለሁ አልኳቸው። አንዱ ሰድቦኛል፣ ይገባኛል። አንዷ የጭነት መኪና ያላት ሴት ዝም ብላ ስልኩን ዘጋችው፤ ያ ከስድቡ ባሰኝ። ፖሊስ መጥቶ በርሜሉን አሸገ። ፈገግታው ሌላም ሁለት ሱቅ አራግፏል አሉ። እስካሁን አልተገኘም።

በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ከዚህ ሱቅ በዚህ ወር ኩላንት የገዛችሁ... እያልኩ። ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ።

ልጄ መጣች። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። ስልክ የሚሸጠው ሰውዬ ደውሎ ሐሳቡን ቀይሯል፣ ስሙ የጠፋ ሱቅ አልፈልግም ብሏል አለችኝ። ቁጣ ጠበቅሁ።

"አባባ ቢኖር..." አለች።

"ቢኖር ምን?"

"ቢኖር መጀመሪያ ፊደልሽን ያርም ነበር። 'ኩላንት' ሁለት ቦታ ላይ 'ኩላሊት' ብለሻል።"

ሳቅን። ከዚያ አቀፈችኝና አለቀስን። ከዚያ ወረቀቱን አስተካከልነው።

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ዛሬ ሁለት ዓመት ሞላው። የተሰነጠቀው መኪና ከደጋው ተጎትቶ መጥቶ ጋራዡ ሥራ የጀመረው ዛሬ ነው፣ ቀኑን እኔ አልመረጥኩትም።

ሞተሩን በሰንሰለት አንጠለጠሉት። አየር ላይ ቀስ ብሎ ዞረ። እንዲህ ትንሽ ነበር እንዴ? ኮፈኑ ሥር ባዶ ጉድጓድ ቀረ፣ ቱቦዎች ብቻ። አንበጣው ክንዴን ይዞኝ ነበር። መካኒኩ ከመኪናዋ የሚቀር የምትፈልጊው ነገር አለ ወይ አለኝ። አሰብኩ። የለም አልኩት።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

ባለ ጭነት መኪናዋ መጣች፣ ያቺ ስልክ የዘጋችብኝ። "ፊቴ ለክተሽ ስጪኝ" አለች። ከባሌ ጀሪካኖች ከተረፈው ለካሁላት። ገዛች። አልሳቀችም፣ ግን ገዛች።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

የድሮው አቅራቢ ዕቃ አስገባ። እሱንም ቢሆን ለካሁት፤ ትንሽ ቅር አለው። ቅር ይበለው።

ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ መምጣት ጀምራለች። ዛሬ አንድ ደንበኛ ቀዩ ይሻላል አረንጓዴው ሲላት ሰማኋት። ቀለሙን ተወው፣ ሞተርህ የሚፈልገውን ዓይነት ነው፣ የመኪናህን መመሪያ አይተህ ና፤ ደግሞ ሁለት ዓይነት እንዳትደባልቅ፣ ጄሊ ሆኖ ይደፍንብሃል ትለዋለች። ከማን ተማረችው? ስለ ሽያጩ ካነሳን ቆየን።

ጥር 9፣ ሐሙስ፤ ደጋው ላይ

አለቃዋ ራሷ ናት የጠራችኝ። ከመውጣታችን በፊት አራቱንም መኪና እርስዎ ይዩልኝ አለች። አየሁላቸው። ከዚያ አብረውን ይምጡ አለች። ልጄ ፈቃድ ወስዳ አሥር ቀን ሱቁን ያዘችልኝ። ትናንት ከበረሃው ወጥተን እዚህ አደርን።

ጠዋት ድንኳኔን ስከፍት ሜዳው ነጭ ነው። ውርጩ ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። ሻዬን ይዤ ቆምኩ። ሾፌሮቹ ገቡ። አንደኛው ተነሳ። ሁለተኛው ተነሳ። ሦስተኛውም።

አራተኛው፣ የባሌ ሞተር የገባበት፣ አንዴ አጉረመረመ፣ ዝም አለ። ኩባያዬ አፌ ላይ ቆመ። ሁለተኛ አጉረመረመ... ያዘ። ነጭ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ድምፁ ተስተካከለ።

ማንም ወደ እኔ አላየም። ለምን ያያል? መኪና ነው፣ ተነሳ። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ራበኝ። ሁለት ዳቦ በላሁ፣ አለቃዋ ከራሷ ድርሻ እንቁላል ጨመረችልኝ። አንበጣው ለሾፌሮቹ ስለ ራዲያተር ሙሽራዋ ሲያወራ ደረስኩበት። ግማሹን ውሸት ጨምሮበታል፣ ፀጉሬን ብቻ ሳይሆን ልብሴንም እንዳጠብኩበት አድርጎ። አላረምኩትም። እንዲያውም ካልሲም ነበረ አልኩ።

ልንንቀሳቀስ ስንል አንበጣው የአራተኛውን መኪና በር ከፍቶ ቆመ። እንድገባ።

አየሁት፣ መኪናዋንም አየሁ።

"ሁለተኛው ይሻለኛል" አልኩት። "የዚህኛው ማሞቂያ ደካማ ነው።"